ሥራ እሰጥሃለሁ ያላለኝን ሰው ነው የምመርጠው

ወገን፣ ጽሑፏ ረዘም ትላለች፤ ታግሣችሁ አንብቡልኝ። አንብባችሁ ስትጨርሱ ብትሰድቡኝም ችግር የለም፤ ሳታነቡ ግን አትስደቡኝ።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ሊደርስ የቀሩት ቀናት ናቸው። የመራጭነት ካርዴ ከዲግሪዬ ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ ነው ያለው። ፌስታሉን ታውቁታላችሁ፤ እናንተም ቤት አለ። ዲግሪ፣ የዲግሪ ኮፒ፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ ሦስት ጉርድ ፎቶ። ደብረ ማርቆስ ከተማ ውስጥ ማስታወቂያ በተለጠፈበት ሰሌዳ ሁሉ ሥር ይዤው ቆሜአለሁ። ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። "የሥራ ልምድ ሁለት ዓመት" የሚለው መስመር ላይ ስደርስ ፌስታሌን አጥፌ እመለሳለሁ። ሥራ ሳልይዝ ልምዱን ከየት እንደማመጣው እስካሁን የነገረኝ ሰው የለም።

በሚቀጥለው ወር 24 እደፍናለሁ። ግንቦት 2007 ምርጫ ሲደረግ 18 ለመድፈን ሁለት ወር ቀርቶኝ ስለነበር አመለጠኝ። ቀጣዩ ነሐሴ 23 ቀን 2012 ይሆናል ተባለ፤ ኮሮና መጣና ተራዘመ። ከዚያ ግንቦት 28 ተባለ፤ ከዚያ ሰኔ 14። እንዲህ እንዲህ ሲል የመጀመሪያ ምርጫዬ ዘንድሮ ላይ ወደቀ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 ዕድሜው 18 የሞላ ይምረጥ ይላል፤ ስለዚህ በወረቀት ዜጋ ከሆንኩ ቆየሁ። በተግባር ግን ገና አዲስ ዜጋ ነኝ። እስከ ዛሬ ስጠይቅ የኖርኩት እኔ ነኝ፤ ሥራ ስጠይቅ፣ ማህተም ስጠይቅ፣ "ነገ ና" ስባል። ሰኔ 14 ለመጀመሪያ ጊዜ ተራው ይዞርና እኔ እጠየቃለሁ። ታዲያ ምን ብዬ ልመልስ? ይህን ስንት ሌሊት አስቤበታለሁ፤ ያሰብኩትን ላካፍላችሁ።

ባለፉት ሳምንታት ሦስት ዕጩዎችን በአካል ቆሜ ሰምቻለሁ። ስማቸውንም የፓርቲያቸውንም ስም አልጽፍም። ፈርቼ እንዳይመስላችሁ። ስም ከጻፍኩ ጭቅጭቁ ስለ ስሙ ይሆንና ምክንያቴ ይረሳል። እኔ ደግሞ እንድትከራከሩኝ የምፈልገው በምክንያቴ ላይ ነው።

አንደኛው ዕጩ መኪና ላይ በድምፅ ማጉያ ነበር የመጣው። ቲሸርት ታደለ፣ ኮፍያ ታደለ። እኔም ኮፍያውን ወስጃለሁ፣ አልዋሻችሁም፤ ፀሐይ ነበር። "ወጣቶች! እኛን ከመረጣችሁ ሥራ አጥ የሚባል ነገር ታሪክ ይሆናል!" አለ። አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤአለሁ። ማታ ቤት ገብቼ ስተኛ ግን "እንዴት?" የምትል ጥያቄ መጣችብኝ። እሱ "እንዴት" የሚለውን ቃል አንድ ጊዜም አልተናገረም ነበር።

ሁለተኛው "የእኛ ልጅ" ነው። አክስቴ ናት ያስተዋወቀችኝ። የአባቱ እናት ከእናቴ አያት ጋር በምን በምን እንደሚገናኙ ቡና ላይ ቁጭ ብላ ተነተነችልኝ። መጨረሻ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ካለፈለት አይረሳህም፣ አንዱ ቦታ ይሰካሃል" አለችኝ። አክስቴ ክፉ ሰው አይደለችም። ፌስታሌን ይዤ ስወጣ ስገባ እያየች አንጀቷ ስለሚበላት ነው። ግን ወገኖቼ፣ የተናገረችውን ነገር ቆም ብላችሁ አስቡት። "ይሰካሃል" ማለት ምን ማለት ነው? ከእኔ የተሻለ ውጤት ያለው፣ ዘመድ የሌለው የአንድ ገበሬ ልጅ ፈተናውን አልፎ የእሱ ቦታ ለእኔ ይሰጣል ማለት ነው። እኔ እኮ ሁለት ዓመት ሙሉ ስረግመው የኖርኩት ይህንኑ ነው! ሌላው ሲሰካ ሙስና፣ እኔ ስሰካ ዝምድና? "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚለውን ተረት እያስተማርን አሳድገን፣ ሹመኛው ሲበላ እንገረማለን። አሳድገን የላክነው እኛው ነን።

ሦስተኛው ዕጩ መኪናም ማጉያም አልነበረውም። አንድ አዳራሽ ውስጥ ሠላሳ የማንሞላ ሰዎች ፊት ቆሞ ነበር። እጄን አወጣሁ። "ዲግሪ አለኝ፣ ሥራ የለኝም። ብመርጥህ ምን ታደርግልኛለህ?" አልኩት። ትንሽ ዝም አለና "እኔ ሥራ የምሰጥህ ሰው አይደለሁም። እሰጥሃለሁ ካልኩህ ዋሽቼሃለሁ። የፓርላማ አባል የሚቀጥርበት መሥሪያ ቤት የለውም። የእኔ ሥራ ሕግና በጀት ማየት፣ ሚኒስትር ጠርቶ መጠየቅ ነው። የሥራ ማስታወቂያ ላይ ለጀማሪ ልምድ መጠየቅ ለምን እንደማይቀር ግን ቆሜ እጠይቅልሃለሁ" አለኝ። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ይሄ ሰውዬ መወዳደር አያውቅበትም" አለኝ። እኔም መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ወጥቼ መንገድ ላይ ስሄድ ነው የገባኝ። ከተመረቅኩ ጀምሮ እውነቱን ፊት ለፊት የነገረኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

አሁን ልብ በሉ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 የምርጫ ክልሎች አሉት። የአማራ ክልል ድርሻ 138 ነው። ከአንድ የምርጫ ክልል አንድ ሰው ነው የሚሄደው። ያ ሰው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ሰኔ 30 አዲስ አበባ ይሰበሰባል፤ አዋጅ ያጸድቃል፣ በጀት ያጸድቃል፣ አስፈጻሚውን ጠርቶ ይጠይቃል። ጠቅላይ ሚኒስትሩንም እኛ በቀጥታ አንመርጥም፤ የሚመርጠው ያ ምክር ቤት ነው። ስለዚህ ሥራ እሰጣለሁ የሚል የፓርላማ ዕጩ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ የሚገባበትን ቤት ሥራ አያውቅም፣ ወይ ደግሞ ያውቃል ግን አንተ አታውቅም ብሎ ንቆሃል። መሃይም ወይም ናቂ። የትኛውን ነው የምትመርጠው?

"እሺ፣ ግን ምርጫ ራሱ ምን ዋጋ አለው?" የምትሉኝ አላችሁ። ከጓደኞቼ ግማሾቹ ካርድ ያላወጡት በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ክርክር አልንቀውም። ከየት እንደመጣ አውቃለሁና። በ1997 ወላጆቻችን በሌሊት ተሰልፈው መረጡ። ቅንጅት 109 ወንበር አገኘ ተባለ፤ የአዲስ አበባን 23 ወንበሮች በሙሉ ተቃዋሚዎች ወሰዱ። ከዚያ ክርክር መጣ፣ ሰኔ 1997 እና ጥቅምት 1998 ደም ፈሰሰ፤ በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎች መገደላቸውን መዝግቧል። መሪዎቹ ታሰሩ። በ2002 ከ547 ወንበር ውስጥ የተቃዋሚ ፓርቲ ያገኘው አንድ ብቻ ሆነ፤ ግርማ ሠይፉ። በ2007 እሱም ቀረ፤ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ምክር ቤቱን ጠቅልለው ወሰዱት። አባቴ ዛሬም ድረስ "ማንን እንደመረጥኩ ያውቁብኝ ይሆን? ማዳበሪያ ይከለክሉኝ ይሆን?" ብሎ ይጠይቀኛል። ይህ ፍርሃት ከሰማይ አልወረደም፤ ከኖረበት ነው ያመጣው።

ግን እስቲ ሌላውንም ጎን እዩት። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የቅንጅት ምክትል ሊቀመንበር ሆና የታሰረችው ብርቱካን ሚደቅሳ ለ2013ቱ ምርጫ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆናለች። ይህ ብቻውን ምርጫውን ንጹሕ ያደርገዋል አላልኩም። ያልኩት ነገሩ ባለበት አልቆመም ነው። ደግሞም አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ባትመርጥ ወንበሩ ባዶ ይቀራል እንዴ? አይቀርም። ሰው ይቀመጥበታል። አንተ ቤት ብትተኛ ቲሸርት ያደለው ይቀመጥበታል፣ ያ ብቻ ነው ልዩነቱ። የእኛ የምርጫ ሕግ አብላጫ ድምፅ ነው፤ ግማሽ በላይ ማግኘት ግዴታ አይደለም። ከመቶ ሰው አንዱ ዕጩ 40፣ ሌላው 35፣ ሦስተኛው 25 ቢያገኙ፣ 40 ያገኘው ይገባል። 60ው ሰው አልፈለገውም፣ ግን ይገባል። በእንዲህ ያለ ጨዋታ ውስጥ ቤቱ የተኛ ስድስት ሰው ውጤቱን ይገለብጣል። "የእኔ አንድ ድምፅ ምን ትሠራለች" የምትለው አንተ፣ ከአምስት ጓደኞችህ ጋር ያ ስድስት ሰው ነህ።

ለአባቴ የመለስኩለትን ለእናንተም ልድገመው፤ ቤታችሁ ላሉ ሽማግሌዎች ንገሯቸው። ድምፅ የሚሰጠው ለብቻ ነው፣ ከመጋረጃ ጀርባ። ወረቀቱ ላይ ስም አይጻፍበትም። ምልክት ወይም አሻራ ታደርጋለህ፣ ታጥፋለህ፣ ሳጥን ውስጥ ትከታለህ፣ ትወጣለህ። ወረቀቱ ሁለት ነው፤ አንዱ ለተወካዮች ምክር ቤት፣ አንዱ ለክልል ምክር ቤት። ቆጠራው እዚያው ጣቢያው ላይ ነው፤ ውጤቱም እዚያው ይለጠፋል። ስለዚህ ማታ ሄደህ የተለጠፈውን አንብብ። በስልክህ ፎቶ አንሳው። የሰፈርህን ቁጥር የምታውቅ ከሆነ ማንም ሌላ ቁጥር ሊነግርህ አይችልም።

አሁን ወደሚያመኝ ጉዳይ ልግባ። እዚህ ገጽ ላይ ያለነው ሁላችን ለሕዝባችን የሚቆረቁረን ነን። ሚያዝያ ላይ አጣዬ ስትቃጠል ደብረ ማርቆስም፣ ባሕር ዳርም፣ ጎንደርም፣ ደሴም ሰልፍ ወጥቷል። እኔም ወጥቼ ድምፄ እስኪዘጋ ጮኼአለሁ። ከመተከል ተፈናቅለው ቻግኒ የተጠለሉትን ወገኖቻችንን ሳስብ ዛሬም እንቅልፍ ይነሳኛል። ይህ ቁጭት እውነተኛ ነው፤ ማንም ሊቀማን አይችልም። ግን ቁጭታችንን የሚሸጥ ሰው አለ። ምንም ሳይጨምርበት፣ ምንም ሳይሠራ፣ የእኛኑ ሐዘን በማጉያ መልሶ እየጮኸልን "ምረጡኝ" የሚል። ወገን፣ የሚጮህልኝ ሰው አያስፈልገኝም፤ መጮህ እኔም እችላለሁ! እኔ የምፈልገው ተፈናቃዩ ወደ ቤቱ የሚመለሰው በየትኛው በጀት፣ በማን ጥበቃ፣ ካሳው በየትኛው ሕግ እንደሆነ ቆሞ የሚጠይቅ ሰው ነው። መልስ ሲያጣ ደግሞ መልስ እንዳጣ መጥቶ የሚነግረኝ። ስለ ወገን ማሰብ ማለት የወገንን ስም መጥራት ብቻ ከሆነ፣ ቴፕ ሪከርደርም ይበቃናል።

"ስለዚህ ለጠላት ምረጥ ልትለን ነው?" እንዳትሉኝ። እኔ ያልኩት ከእኛ መካከል የሚቆመውን ጠበቅ አድርገን እንጠይቀው ነው። የራስህን ሰው መጠየቅ ክህደት የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው? ጎጃም ውስጥ ሠርግ ሲደገስ እንኳ ጠላው ከመቅረቡ በፊት ይቀመሳል። ጠማቂዋን ጠርጥሮ የሚቀምሳት የለም፤ እንግዳው ስለሚከበር ነው።

አንድ የአገራችንን ታሪክ ላንሳ። የኢትዮጵያ ሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ የፓርላማ አባል የመረጠው በንጉሡ ዘመን ነው፣ በተሻሻለው ሕገ መንግሥት መሠረት። ፓርቲ የለም፤ ለመወዳደር ደግሞ ንብረት ያስፈልግ ነበር። ከዚያ በኋላ፣ በ1960፣ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። የጎጃም ገበሬ መሬቱ ሊለካ፣ ርስቱ ሊነካ ነው ብሎ ሰጋ፤ አቤት አለ፤ ሰሚ አጣ፤ በመጨረሻ ጠመንጃውን አነሳ። ሞጣ፣ ቢቸና፣ ዳሞት ተነቃነቀ። ጦር ተላከ፣ ሰው አለቀ። ዞሮ ዞሮ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ መንግሥትም አፈገፈገ። አያቶቻችን ይህን ሲያወሩ ጀግንነቱን ነው የሚያወሩልን፤ ጀግንነት መሆኑን እኔም አልክድም። ግን ሌላ ጥያቄ አለኝ፦ ያ ሁሉ ደም ከመፍሰሱ በፊት የጎጃም ተወካዮች ፓርላማ ውስጥ አልነበሩም ወይ? ነበሩ። ወንበር ነበረ፤ የገበሬውን ድምፅ ወስዶ የሚያሰማ አልነበረም። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ሥራውን ሳይሠራ ሲቀር ሒሳቡን የሚከፍለው ገበሬው ነው፣ በደሙ። ለዚህ ነው ዕጩ መምረጥ ቀልድ አይደለም የምለው።

ደግሞ ቅርብ ወዳለው ልምጣ። አባቴ ስናን ነው የሚያርሰው፣ ከጮቄ ተራራ ሥር፤ ገብስና ድንች። አፈሩ ኮምጥጧል፤ የግብርና ባለሙያዎች አሲዳማ አፈር የሚሉት ነው። ጎዛምንም፣ ማቻክልም፣ ስናንም ያለ ገበሬ ያውቀዋል፤ ማዳበሪያ ብትጨምርበት አፈሩ ያስረዋል እንጂ ሰብሉ አያገኘውም። መድኃኒቱ ደግሞ ይታወቃል፤ የተፈጨ ኖራ ነው። የኖራ ድንጋይ ከየት ይመጣል? ደጀን! ከዓባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ፣ ከእኛው ዞን! ድንጋዩ ደጀን ሞልቶ፣ አባቴ ስናን ላይ ኖራ ሳያገኝ ስንት ክረምት አለፈ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚሉት ይህን ነው። ይህን ጥያቄ ለሦስቱም ዕጩዎች አቀረብኩ። የመጀመሪያው "መንግሥት ለግብርና ትልቅ ትኩረት ሰጥቷል" አለኝ። ሁለተኛው "ዋናው ነገር የሕዝባችን ህልውና ነው፣ የኖራውን ቀስ ብለን እንደርስበታለን" አለኝ። እኔ ደግሞ በልቤ፦ የአባቴ ገብስ ህልውና አይደለም ወይ?

ሦስተኛው "አላውቅም" አለ። "ስልክህን ስጠኝ" አለ። ሰጠሁት፤ ይደውላል ብዬ ግን አልጠበቅኩም። ከአሥር ቀን በኋላ ደወለ። ችግሩ ድንጋዩ አይደለም፤ ለአንድ ሄክታር የሚያስፈልገው ኖራ በብዙ ኩንታል ስለሆነ ማጓጓዣው ዋጋውን ለገበሬው የማይቀመስ ያደርገዋል አለኝ። "የበጀት ጉዳይ ነው፤ የማዳበሪያን ያህል የኖራ ማጓጓዣ ለምን እንደማይታሰብ ነው መጠየቅ ያለበት" አለ። መፍትሔ ሰጠኝ? አልሰጠኝም። ግን ጥያቄዬን ወስዶ፣ ጠይቆ፣ ይዞልኝ ተመለሰ። ተወካይ ማለት ሌላ ምንድን ነው? ሳይመረጥ የደወለ ሰው ሲመረጥም ላይደውል ይችላል፤ ይህን አውቃለሁ። ሳይመረጥ ያልደወለው ግን ሲመረጥ እንደማይደውል እርግጠኛ ነኝ።

የመረጥኩት ሰውዬ መልአክ አይደለም። በአንዳንድ ጉዳይ አልስማማውም፤ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ተከራክረናል። ሊሸነፍም ይችላል፤ እንዲያውም ሳይሸነፍ አይቀርም፤ መኪና የለውም። ቢሸነፍም ድምፄ ጠፋ አልልም። ያሸነፈው ሰው ውጤቱን ሲያነብ "ሥራ እሰጣለሁ ሳይል ይህን ያህል ድምፅ ያገኘ ሰው አለ" ብሎ ያያል። በሚቀጥለው ምርጫ ምን ብሎ መምጣት እንዳለበት ያስብበታል። ቢያሸንፍና ቢከዳኝ ደግሞ፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 እና 54 ላይ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ማንሳት ይችላል ይላል። እስከ ዛሬ ስንቶቻችን ይህን አንቀጽ አንብበነዋል? እርግማን ከመጻፍ እሱን ማንበብ ያጥራል።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ሰኔ 14 ለመጀመሪያ ጊዜ የምትመርጡ፣ እኔ የመረጥኩትን ምረጡ አልላችሁም። ከመምረጣችሁ በፊት ግን ዕጩዎቻችሁን እነዚህን አምስት ነገሮች ጠይቁልኝ፦

1. የምትገባበት ምክር ቤት ሥራው ምንድን ነው? (ይህን ካላወቀ ሌላውን መጠየቅ አያስፈልግም።)
2. የእኛን ወረዳ አንድ ችግር፣ አንድ ብቻ፣ ከነምክንያቱ ንገረኝ።
3. ፓርቲህ ከመረጠህ ሕዝብ ጋር የተጋጨ ቀን ከማን ጋር ትቆማለህ?
4. ከተመረጥክ በኋላ በዓመት ስንት ጊዜ እዚህ መጥተህ እንጠይቅሃለን? የት?
5. የማታውቀውን ነገር አላውቅም ማለት ትችላለህ?

አምስተኛዋን አትዝለሏት። እኔ በእሷ ነው የወሰንኩት።

አክስቴ ይህን ብታነብ ታዝንብኛለች። ትላንትም "ለራስህ አታስብም?" አለችኝ። እቴ፣ ለራሴማ አስቤ ነው። ተሰክቼ ከምገባ፣ ፌስታሌን ይዤ ሁለት ዓመት ብዞር ይሻለኛል። ተሰክቶ የገባ ሰው አለቃው በፈለገ ጊዜ ይነቀላል፤ አፉም ተለጉሞ ነው የሚኖረው። እኔ ደግሞ ያለኝ ሀብት ይህቺ አፌና ይህቺ ካርድ ናቸው። ዲግሪዬን ማንም አልጠየቀኝም፤ ካርዴን ግን ሦስት ሰዎች ለምነውኛል። በርካሽ አልሰጥም።

ኮፍያውን ግን አልመልስም፤ ክረምት እየመጣ ነው።

ካርድ ያወጣህ ውጣና ምረጥ። ቤትህ ያሉትን ሽማግሌዎች ይዘህ ውጣ። ማታ ውጤቱ ሲለጠፍ እዚያው ጣቢያ እንገናኝ። ጽሑፉ ከጠቀማችሁ ለጓደኞቻችሁ ሼር አድርጉ፤ ካልተስማማችሁ ደግሞ ምክንያታችሁን ይዛችሁ ኑ፣ እንከራከር።